ሲንቄና የጣቢያው ኦዳ

ውዴ ገርባ ከሁሩታ ወደ አዳማ ስትዳር፣ እናቷ በእጇ ያስያዘቻት አንዲት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ነበረች። ሲንቄ ትባላለች። አርሲ አገር ሴት ልጅ ከእናቷ ከምትቀበለው ሁሉ የከበረች እሷ ናት። ሲንቄ የያዘችን ሴት ወንድ አይገፋትም፤ መንገድ ላይ የተጋደመችን ሲንቄ ፈረሰኛ እንኳ አይሻገራትም።

«ይቺ የፈጣሪያችን የዋቃ ናት» አለቻት እናቷ። «በከንቱ አታንሻት። ካነሳሻት ደግሞ ዕርቅ ሳይወርድ አታስቀምጫት።»

ባሏ ፉፋ የባቡር ሰው ነበር። አዳማ ያኔ ጣቢያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆችና ያ ሁሉ ቁልቋል እንጂ ሌላ አልነበረችም። ባቡሩ የሚሄደው በእንጨት እሳት ነውና፣ እንጨት የሚያቀርበው ግሪክ፣ ሙሴ ያኒ፣ ፉፋን የቆራጮች አለቃ አድርጎት ነበር። ሹመቷ ትንሽ ብትሆንም ፉፋን አስፏጭታዋለች፤ ሲሄድም ሲመጣም ያፏጫል።

አንድ የበጋ ጠዋት ቁርሱን እየጎረሰ፣ «ዛሬ ከጣቢያው ጀርባ ያለውን ዋርካ እንጥለዋለን» አላት። «ሙሴ ቦታውን ለእንጨት መከመሪያ ፈልጎታል።»

ውዴ እጇ ላይ የነበረውን ቅል አስቀመጠች። «ኦዳውን?»

«ኦዳ በይው፣ ዋርካ በይው። ያው ዛፍ ነው።»

ያው ዛፍ አልነበረም። ዝናብ ሲጠፋ ሴቶች እርጥብ ሣር ይዘው ዋቃን የሚለምኑት እዚያ ነው። ልጅ የዘገየባት ግንዱን ቅቤ ትቀባለች፤ ደም የተቃቡ የሚታረቁትም በጥላው ነው። ከወሎ የመጣችው ጎረቤቷ ከሪማ ሳትቀር ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ የምታደርገው ከሥሩ ተቀምጣ ነው።

ፉፋ ከነሠራተኞቹ መጥረቢያ ይዞ ሲደርስ፣ ውዴ በአቋራጭ ቀድማው ሲንቄዋን መንገዱ ላይ አጋድማ ቆማ ነበር።

«አንተ ፉፋ፣ ተመለስ።»

«ሰው ያያል ውዴ፤ ወደ ቤት ግቢ።»

«ይይና!»

ሠራተኞቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ፉፋ ግን አለቃ ነው፤ አለቃ በሚስቱ ሲመለስ ማን አየ? ጎንበስ አለና ሲንቄዋን አንስቶ ቁልቋሉ ውስጥ ወረወራት።

መወርወሩን ገና ሳይጨርስ ተጸጸተ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ግን ውዴ «ኢዬ!» ብላ ጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ሁሉ እየተቀበለች አስተጋባችው። በትር ያላት በትሯን፣ የሌላት እርጥብ ሣር ይዛ፣ ከየቤቱ እየወጣች መጥታ ዋርካው ሥር ተቀመጠች። ከሪማም ልጇን አዝላ መጣች። «ሲንቄ የለኝም፤ ግን የዱዓ ቤቴን ሲያፈርሱብኝ ዝም አልልም» አለች።

ከዚያ በኋላ የአዳማ ወንድ ያየውን አሳር! ላሞች ሳይታለቡ እየጮኹ ዋሉ። ቅምጥል የሚባለው ሁሉ ደረቅ ቆሎ ቆረጠመ። አባቶች የሚያለቅስ ሕፃን አዝለው ዋርካው ድረስ እየመጡ አስጠብተው በሐፍረት ተመለሱ። «ፉፋ፣ የገባህበትን ጉድ አንተው ውጣው!» ይሉታል ባገኙት ቁጥር። ፉጨቱ ጠፋ።

የሙሴ ያኒም ወጥ ቤት ከሴቶቹ ጋር ስለወጣች፣ እሱ ራሱ የጠበሰውን እንቁላል አሳርሮ፣ ተቆጥቶ መጣ። አስተርጓሚ እንዲሆነው ህንዱን ጨርቅ ነጋዴ ቻጋንላልን አስከትሏል። ቻጋንላል ግን ቅቤ የጠገበውን ግንድ ሲያይ ጫማውን አወለቀ።

«ሙሴ፣ የዚህ ዛፍ ወንድም በአገሬ አለ» አለ። «ሴቶች ክር ይጠመጥሙበታል፤ አማልክት ከሥሩ ይቀመጣሉ። እኔ ብሆን አባቴ ቢያዘኝም አልቆርጠውም።»

ይህንኑ በኦሮምኛ ሲደግመው ውዴ ጠየቀችው፦ «አማልክታችሁ ምን ይመስላሉ?»

«ብዙ ናቸው። አንዱ የዝሆን ራስ አለው።»

«ታዲያ ቅርንጫፉን አይጨርስባችሁም?» አለች ከሪማ፤ ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ቻጋንላልም ሳቀ።

ያኒ ምን እንዳሳቃቸው ሲነገረው ቁጣው በረድ አለ። ቅጠሉ በነፋስ ሲንሿሿ ቀና ብሎ እያየ፣ «አያቴ የምትነግረኝ አንድ ነገር ነበር» አለ። «ከክርስትና በፊት፣ በአገራችን የመብረቅ አምላክ በአንድ ትልቅ ዛፍ ይናገር ነበር አሉ። ቅጠሉ ሲንሿሿ ካህናቱ ያዳምጡና ለሕዝቡ ይፈቱለታል።»

«ዛፉ ዛሬ የት አለ?» አለች ውዴ።

«ተቆረጠ።»

«አምላኩስ?»

«ከዚያ ወዲያ ሲናገር የሰማው የለም።»

ማንም አልሳቀም። ያኒ ጢሙን ጎተተ፤ ከዚያ ራቅ ብለው ወደቆሙት ግራሮች ጠቆመ። «እንጨቱን እዚያ ማዶ ከምሩት። ወጥ ቤቴን ግን መልሱልኝ።»

ሴቶቹ ግን አልተነሡም። የዛፉ ጉዳይ ቢያልቅ የሲንቄዋ ገና ነው። ፉፋ እጁን እሾህ እየቧጨረው ቁልቋሉ ውስጥ ገብቶ በትሯን አወጣ፤ በግ እየጎተተ፣ ሣር ጨብጦ ቀረበ።

«በድያለሁ» አለ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«ምን አልክ?» አሉ ሴቶቹ።

«በድያለሁ!»

«ከሪማ አልሰማችም፤ ልጇ እያለቀሰባት ነው።»

«በድያለሁ አልኩ እኮ!» ጩኸቱ ጣቢያው ድረስ ተሰማ። ውዴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። በትሯን በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ አሮጊቶቹ ሣሩን ነስንሰው መረቁት። በጉ ታረደ፤ ሲበላም ሲጨፈርም ተዋለ። ማታ ፉፋ የተቧጨረ እጁን ለቅቤ ሲዘረጋላት፣ «አንቺ፣ ብገፋሽ ኖሮስ ምን ታደርጊ ነበር?» አላት።

«ይኸኔ በግ ሳይሆን ወይፈን ነበር የምትጎትተው» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ቻጋንላል ከሱቁ ቀይ ክር እያመጣ ግንዱ ላይ ያስር ጀመር፤ የአዳማ ሴቶችም ወደዱትና ከጨሌያቸው ጋር ያስሩ ነበር። ፉፋም እስኪሸመግል ድረስ ዋርካው ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ፣ «ሙቀቱ ነዋ!» ይላል።