ጠመኔ ማደል የእርስዎ ሥራ አልነበረም፣ ጋሽ ሙላት

ዛሬ ረፋድ ላይ ሁለተኛ ክፍል እያስተማርኩ «ጋሽ ሙላት አረፉ» የሚል መልእክት ገባልኝ። አላመንኩም። ወደ ራሳቸው ስልክ ደወልኩ። ልጃቸው አነሣችና «እውነት ነው፣ እህቴ» ብላ ዘጋችው።



ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ሙላት ኮሶዬ አጠገብ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምሩ ነበር። እኔ አዲስ መምህርት ሆኜ የተመደብኩት እሳቸው ጋ ነው። ክፍላቸው ገበያ ይመስላል። ልጅ ሲሳሳት «ሸጋ ስህተት ነው፤ በል ቀጥል» ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ ተንፍሳ የማታውቅ ልጅ እሳቸው ክፍል ገብታ ተከራካሪ ትሆናለች።

አንድ ቀን የወረዳው ሱፐርቫይዘር የእኔን ክፍል ሊያይ መጣ። ርእሰ መምህሩም አብሮ ገባ። ጥያቄ ስጠይቅ እጅ ሁሉ ወጣ። ደስ አለኝ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ጠራሁ። ተነሥታ ዝም አለች።

«ምነው፣ እጅሽን አውጥተሽ የለም እንዴ?»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ግራዬን ነው ያወጣሁት።»

«ግራሽን ማለት?» አላት እንግዳው።

«የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን ያውጣ ተብለናል። ጠዋት ሰልፍ ላይ።»

ልጆቹ ከት ብለው ሳቁ። ርእሰ መምህሩ አልሳቀም።

በማግስቱ «ተማሪ አስጠንተሽ ትምህርት ቤቱን አዋርደሻል» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ። ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም ነበር፤ ፈራሁ። ጋሽ ሙላት ግን ሰልፍ ላይ ትእዛዙን የሰጠው ራሱ ርእሰ መምህሩ እንደሆነ ጽፈው ለወረዳ አስገቡ። «ይቅርታ ጠይቁና ይለፍ» ሲሏቸው «ይቅርታ የምጠይቀው ያቺን ልጅ ነው» አሉ።

እኔን አዲ አርቃይ ወረወሩኝ። እሳቸውን ከክፍል አውጥተው ንብረት ክፍል አስቀመጧቸው፤ ጠመኔና መጥረጊያ እንዲያድሉ። ሦስት ዓመት። ባለፈው ስደውል «ድምፄ ሟሸሸ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ ልጅ የለም» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ዛሬ ትምህርት ቤቱ የሐዘን መግለጫ አውጥቷል። «በተማሪ ተሳትፎ አርአያ የነበሩ፣ በጤና ምክንያት በራሳቸው ፈቃድ ከማስተማር የተገለሉ» ይላል። ውሸት ነው። ወደ ንብረት ክፍል ያዛወራቸው ደብዳቤ ቅጂ እጄ ላይ አለ።

ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ። ነገ ቁስቋም ስንሸኝዎ የሕይወት ታሪክዎን የሚያነበው ርእሰ መምህሩ ነው አሉ። «በራሳቸው ፈቃድ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ አስቆመዋለሁ። በለቅሶ መሀል ነውር ነው ይሉኛል። ይበሉ። ከእንግዲህ ማንም ዝምታዬን ጨዋነት ብሎ እንዲያመሰግነኝ አልፈቅድም።