አፍራሿ እናቷን ያመጣች ቀን

የሥራ ባልደረቦቿ «አፍራሿ» ይሏታል። እነሱ ለፍተው የሠሩትን ፕሮግራም እሷ እስኪሰበር ድረስ ትነካካዋለች፤ ሥራዋ መሞከር ነው። ስሙን ያወጡላት ሊያበሽቋት ነበር። እሷ ግን ወደደችውና ሻይ መጠጫ ኩባያዋ ላይ ጻፈችው፤ የበሸቁት እነሱ ሆኑ።

ያን ሰሞን የአምቡላንስ መጥሪያ ሥርዓት እየሠሩ ነበር። ሰው ሲደውል ኮምፒውተሩ ደዋዩ ያለበትን ቦታ አይቶ ቅርብ ያለውን መኪና ይልካል። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ሁሉም ሞክሮ «ይሠራል» ብሏል። ታዲያ ሲሞክሩ ወንበራቸውን ደገፍ ብለው፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ይህ ሙከራ ነው» እያሉ ነው። ቤቱ ሰው የወደቀበት እንዲህ ተረጋግቶ ይደውላል? ነገሩ አፍራሿን ከነከናትና ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው።

«ሰኞ ይከፈታል ተብሎ ተነግሯል» አላት። «ሰኞን ካስተላለፍሽብኝ፣ እውነቴን ነው፣ ከዚህ ክፍል ትነሻለሽ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰሙም?»

«ተረቱን ተይና ስህተቱን አሳዪኝ።»

«አሳይዎታለሁ» ብላ ወጣች። የምታሳየው ግን ገና በእጇ አልነበረም። ሥራዋን ትወደዋለች፤ ፈራች።

በማግስቱ እናቷን ይዛ መጣች። እናቷ ስልክ ሲያወሩ ለጎረቤት የሚተርፉ፣ መልስ እስኪመጣ የማይታገሡ ሴት ናቸው። ስልክ ሰጠቻቸው። ሥራ አስኪያጁም ስክሪኑ ፊት እጁን አጣጥፎ ቆመ።

«እማዬ፣ አባዬ ወደቀ እንበል። አምቡላንስ ጥሪለት።»

«አንቺ ሟርተኛ! ምነው ክፉ ባታወሪ!» አሉና ደወሉ። ገና ስልኩ ሲነሣ «ድረሱልኝ!» ብለው ጮኹና ዘጉት። ስክሪኑ ላይ መኪናው ተነሣ። «ምነው ቆዩ?» ብለው ደግመው ደወሉ፤ ስልኩን ያነሣው ሰው አፉን ሳይከፍት መልሰው ዘጉት። መኪናው ቀጥ አለ፤ ከዚያም ዞሮ ወደ መጣበት ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ደግመው ሲዘጉት ጥሪውን የሰረዙት መስሎታል።

«ወዴት ነው የሚመለሰው?» አሉ እናቲቱ ተቆጥተው። «ሰውዬው ሊሞትብኝ ነው እኮ!»

መክፈቻው ተላለፈ፤ ሥራ አስኪያጁም ፊቱን አጠቆረባት እንጂ ከቦታዋ አላነሣትም። ፕሮግራመሮቹ ስህተቱን አስተካከሉ። አፍራሿ ደግሞ በዘመዶቿ መካከል ያሉትን ችኩሎች፣ ነጭናጮችና ድንጉጦች ሁሉ እየለቀመች አስደወለች። አልሰበር አለ። እሷም ደስ እያላት ተሸነፈች።

ሥርዓቱ ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ዓይኑ ቀልቶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ። አባቱ ቁርስ ሲበሉ ወድቀው ነበር።

«እኔ ነኝ የደወልኩት» አላት። «ያ ‹ጤና ይስጥልኝ› ባዩ ሰውዬ! ጮህኩ፣ ዘጋሁት። መልሼ ደወልኩ፣ ዘጋሁት። መኪናው ግን መጣ። አባባ ተርፏል።»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣባት።

እሱ ኩባያዋን አንሥቶ ሻይ ሊቀዳላት ሄደ። በፕሮግራመሮቹ በኩል ሲያልፍ ኩባያውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ አፍራሿ ያላፈረሰችው ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም!»