አክስቴ የሰፋችው የኪኒን ጥብጣብ

አክስቴን አንድ ተራ የሥራ ቀን የሚያስከፍላት ይህን ነበር፦ ጠዋት ሦስት የደም ግፊት ኪኒን፣ ማታ ሁለት፤ ከቤታችን እስከ መንገዱ አርባ ሁለት ደረጃ፣ መሃል ላይ ግድግዳ ተደግፋ ሁለት እረፍት፤ ስምንት ሰዓት ቁሞ መዋል፤ ማጅራቷን ጨምድዶ የሚይዝ ራስ ምታት። ከሁሉ የሚከብዳት ግን «መድኃኒትሽን በደንብ አትወስጂም» የሚላት ሰው አለመጥፋቱ ነበር።

አክስቴ የዩኒፎርም ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት። ጨርቁን ሠላሳ ድርብ አንጥፋ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ትቆርጣለች። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ እጅጌ አላበላሸችም። እኔንም ያሳደገችኝ በዚሁ እጇ ነው፤ አሁን ደግሞ ከነልጄ አብሬያት እኖራለሁ።

አንድ ቀን መቁረጫው ላይ ሳለች ዓይኗ ጨለመባት። ምላጩ ጣቷን ለጥቂት ሳታት። የፋብሪካው ክሊኒክ ግፊቷን ሲለካ መቶ ዘጠና በመቶ አስር ሆነ። አለቃዋ በማግስቱ አዝራር ለቀማ ላይ አስቀመጣት።

«ከመቶ ሃምሳ በታች ወርዷል የሚል ወረቀት ከሐኪም ካላመጣሽ መቁረጫውን አትነኪም። ኪኒንሽንም ዋጪ እንጂ፣ ሕፃን ነሽ እንዴ?»

«እውጣለሁ!»

«ብትውጪማ ይወርድ ነበር።»

ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወረወረችው። ጥፋቴን ልናገርና፣ እኔም ተጠራጥሬያት ነበር። «አክስቴ፣ ምናልባት አንዳንዴ ትረሺው ይሆን?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺም?»

ሄዳ የመሳቢያውን ሆድ ዘረገፈችው። ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ነው፣ የአንድ ዓመት! ቆራጭ ሥራውን አስቆጥሮ እስኪያስረክብ ድረስ ቁራጩን አይጥልም፤ ጨርቅ ጎደለ ቢባል መልሱ ቁራጩ ነው። እሷም የኪኒኑን እንደዚያው አስቀምጣዋለች፣ እያንዳንዱ ላይ ቀን ተጽፎበት። ማሽኗን አወጣችና ጫፍ ለጫፍ ገጣጥማ ጥብጣብ አድርጋ ሰፋችው። ወይ እልህ! ሦስት መርፌ ሰበረች።

ትልቁ ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ካርዷን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «እናቴ፣ መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?» አላት።

ጥብጣቡን ከጠረጴዛው ጀምራ እስከ በሩ ዘረጋችው። «ቁራጩ ይኸውልህ ልጄ። አሁን ጨርቁ የት ገባ በለኛ!»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ባዶ ማሸጊያ እኮ መዋጥዎን አያረጋግጥም።»

«እንግዲያው ሽንቴን መርምር! ደሜን መርምር! እኔ ምን ቆርጦኝ እዋሻለሁ?»

መረመረ። መድኃኒቱ ሽንቷ ውስጥ ተገኘ። ቀንና ሌሊት የሚለካ መሣሪያም ክንዷ ላይ አሰሩላት፤ ግፊቷ ተኝታ እንኳ አልወረደም። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ እውነትዎን ነው። መድኃኒት አልበግረው ያለ ግፊት ነው» አላት። ያን ቀን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ለእንዲህ ዓይነቱ ግፊት ስላለ ሌላ ሕክምና አስረዳን። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ያስገቡና ወደ ኩላሊት እስከሚሄደው ደም ሥር ይወስዱታል። እዚያ ዙሪያውን ግፊት የሚያስጨምሩ ነርቮች አሉ፤ እነሱን በሙቀት ያዳክሟቸዋል። ሆድ አይከፈትም።

«ይሄማ የቀሚስ ላስቲክ ነው!» አለች አክስቴ። «ወገቡን ሳልፈታ፣ በአንዲት ቀዳዳ ላስቲኩን በመርፌ ቁልፍ አስገባና በጣቴ እየዳሰስኩ አዞረዋለሁ። አንተስ በምን ታየዋለህ?»

«በራጅ፣ በስክሪን ላይ።»

«በል እጅህ አይንቀጥቀጥ።»

«ግን ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ ኪኒኑንም ጨርሶ ላያስቀር ይችላል።»

«ግማሹንም ቢሆን አምጣው!»

ሕክምናው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ እግሯን ሳታጥፍ ለሰዓታት ተጋደመች፤ አክስቴን ከሕክምናው ይልቅ የከበዳት ዝም ብሎ መተኛቱ ነበር። በሳምንቱ ስትለካ መቶ ሰማንያ። አለቃዋ፣ «በከንቱ ተበሳሽ» አላት። «በከንቱ የምትለፈልፈውስ አንተ» ብላው አዝራሯን ለቀመች። በወሩ መቶ ስድሳ አምስት። በሦስተኛው ወር መቶ አርባ ስድስት!

ወረቀቱን ከጥብጣቡ ጫፍ ላይ ሰፍታ ወሰደችና አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አነጠፈችው። አነበበው። እሷም ፈቃድ አልጠበቀችም፤ ሽርጧን አስራ መቁረጫዋ ጋ ቆመች።

ዛሬም በቀን ሦስት ኪኒን ትውጣለች፤ ደረጃው ላይም አንዴ ታርፋለች። ማሸጊያውን አሁንም አትጥልም። ታሪኳን ልጽፈው ነው ስላት መቀሷን አስቀመጠች።

«እንግዲያው ለሚያነበው ሰው እንዲህ በይልኝ። ቤትህ ውስጥ ‹መድኃኒቴን እየወሰድኩ አልወርድ አለኝ› የሚል ሰው ካለ፣ እባክህ ቁጣህን ትተህ እጁን ያዝና እንደገና አስመርምረው።»