ተደፍቼ ቀረሁ

ያኔ፣ ላፍቶ ገና የእርሻ ማሳ ሳለ፣ ጡረታ ወጥቼ ሥራዬ ወንበር ማሞቅ ሆነ። ሚስቴ «ኧረ ተንቀሳቀስ! እግርህ ጡንቻው አልቆ እንጨት አከለ» ብትለኝም አልሰማኋትም።

የስቅለት ዕለት ሀና ማርያም ስሰግድ ጉልበቴ ከዳኝ። ግንባሬን መሬት እንዳስነካሁ ቀረሁ። ብታገል፣ ብታገል፣ ወይ ፍንክች! ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ይነሳል፤ እኔ እንደተደፋሁ ነኝ።

ከኋላዬ የነበረ ሰው «አቤት ተመስጦ!» አለና ትከሻዬን ሳመኝ። «አባባ፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ።»

«እሺ» አልኩት። ምን ልበል?

አጠገቤ ከእኔ ቀድመው የተደፉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በጽናታቸው ስቀናባቸው ነው የቆየሁት። ቀና ሳይሉ ፊታቸውን ወደ እኔ መለስ አደረጉና በሹክሹክታ፣ «አይዞህ፣ አትታገል። ልጆቼ እኔን ሊያነሱኝ ሲመጡ አንተንም ያነሱሃል» አሉኝ።