ሁለትና አራትን የምትተፋው ላንድሮቨር

ትናንት ጠዋት ደንገጎ ዳገት ላይ፣ የድሬዳዋ መካኒክ ሁሉ ያቃተውን የካምቢዮ በሽታ ብቻዬን አገኘሁት... እሺ፣ ሁሉ ማለቴ አንዱን ግሪክ ነው። እሱም ቢሆን አላቃተውም፣ በሽታውን እኔ ላይ ነው ያየው።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርት የጨረስኩት ገና ሰሞኑን ስለሆነ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ። ማርሽ ግን አልገድፍም።

እኔ የሐጂ ኡመር ሾፌር ነኝ። ሐጂ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ እህል ይነግዳሉ። ላንድሮቨራቸው እሳቸው ሳይገዟት በፊት ብዙ ጌታ ያገለገለች አሮጊት ናት፤ አራቱም ጎማዋ ስለሚጎትት ግን አሸዋም ጭቃም አይመልሳትም። ሰሞኑን አመል አወጣች... ዳገት ላይ ማርሽ ትተፋለች! ሁለተኛ አስገብተህ ቤንዚን ስትሰጣት የማርሹ ዘንግ «ጧ!» ብሎ ወደ መሃል ይመለሳል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፣ ተሳፋሪው በየሃይማኖቱ ይጸልያል።

ግሪኩ ጋ ወሰድናት። የመሃሉን መቀመጫና የወለሉን ቆርቆሮ አንስቶ ካምቢዮውን መረመረ፣ ዘይቱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ፣ ከዚያ ወለሏ እንደተከፈተ ይዟት ሽቅብ ወጣ። አንዴም አልተፋችበትም! ተመልሶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈረደ፦

«ካምቢዮ ጥሩ ነው። ሾፌር መጥፎ ነው።»

ሐጂ አመኑት።

«አቦ ተማሪው፣ ፊደሉ ሲገባ ማርሹ ወጣብህ መሰለኝ» አሉኝ። «ነገ እናቴን ሐረር እናደርሳለን። በመንገድ ላይ ከተፋች ወላሂ ሐረር ሳንገባ፣ አወዳይ ስንደርስ ቁልፉን ለሌላ ሾፌር እሰጣለሁ። እዚያ አንድ ሰው አለኝ።»

እኔ ደግሞ ከዚህ መሪ ሌላ እንጀራ የለኝም። ጃንሆይ ይሙት፣ በሽታዋን ሳላገኝ ከዚህ ወንበር አልወርድም ብዬ ማልኩ።

ጠዋት ተነሳን። እኔ መሪ ላይ፣ ሐጂ በመስኮቱ በኩል፣ ሰሞኑን ለጥየቃ ከመጡ ወዲህ ከመኪናዋ ያልተለዩት እናታቸው እማማ ኸዲጃ መሃል። እማማ መስኮት አጠገብ አይቀመጡም፣ ነፋስ ይመታቸዋል። ወገባቸውን እንዳያማቸውም በእጃቸው የሰፉት፣ ጥጥ የታጨቀበት መከዳ ከስራቸው አለ።

ደንገጎ ስር ሁለተኛ አስገባሁ... «ጧ!»

ሐጂ አልተቆጡም። አንገታቸውን አስግገው ወደ አወዳይ አቅጣጫ ያያሉ። እሱ ከቁጣው ይብሳል።

ከአሁን በኋላ ያለኝ እስከ አወዳይ ያለው መንገድ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን ረግጬ አንደኛ አስገባሁ። ያዘች። ሜዳ ቢጤ ስናገኝ ሦስተኛ... ያዘች። አራተኛ... «ጧ!» ዳገቱ ሲቀጥል ሁለተኛ... «ጧ!»

ይሄን ጊዜ የማታ ትምህርቱ ሠራ። አንድና ሦስት ይይዛሉ፣ ሁለትና አራት ይተፋሉ። መምህራችን ጎዶሎ ቁጥርና ሙሉ ቁጥር ሲሉን የት ሊጠቅመኝ ነው እል ነበር!

«ሐጂ፣ አገኘሁት! መኪናዋ ሙሉ ቁጥር አትወድም!»

«አንተ ሰው፣ ማታ ማታ ሲያስተምሩህ ነበር ወይስ ሲያሳብዱህ?»

እውነቱን ለመናገር ለራሴም አልዋጥ አለኝ። ብረት ቁጥር ምን ያውቃል? አቆምኳት፣ ድንጋይ ታኮ አደረግሁላት፣ ሞተር አጥፍቼ ማርሾቹን በቀስታ አንድ በአንድ አስገባሁ። አንደኛ ወደ ፊት። ሦስተኛ ወደ ፊት። ሁለተኛ ወደ ኋላ... አራተኛም ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ደግሞ ማን አለ? መከዳው! እማማ ሲቀመጡበት ወደ ፊት ያብጣል። ዘንጉ እስከ ጥግ ሳይገባ እሱ ውስጥ ይሰምጣል፣ እጄን ስለቅ ጥጡ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። ግሪኩ ሲነዳ እኮ መቀመጫውም መከዳውም አልነበሩም!

አገኘሁ ብዬ አፌን ልከፍት ስል ግን ደነገጥኩ። ሐጂ እናታቸው የነኩትን ውኃ እንኳ አያስደፉም። ያን መከዳ «ጥፋተኛ» ካልኩ ቁልፉን ያስረከብኩት እኔው ነኝ። ዝም ካልኩም አወዳይ እየቀረበ ነው።

«እማማ» አልኩ፣ «እጅዎ በረካ አለው። ይህን ብረት ሳብ አድርገው ይልቀቁልኝ።»

«እኔ ሾፌር ነኝ እንዴ ልጄ?»

«ለአንድ አፍታ ነው፣ እማማ።»

ሳቡት፣ ለቀቁት። ብረቱ መከዳው ላይ ተደግፎ ቆየና... ተመለሰ። ግራ ገብቷቸው እንደገና ሳቡት። ከዚያ ሌላውን እጃቸውን በብረቱና በመከዳው መሃል ሰደዱ።

«ያ ረቢ! የሚገፋው የኔው መከዳ ነው እንዴ?»

«እኔ ምንም አላልኩም እማማ።»

«እንግዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ማርሹን ስትራገሙ እኔን ነበራ የምትራገሙት!» አሉና በሳቅ ፈረሱ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

እማማ መከዳውን ከስራቸው አውጥተው ታቀፉት። ሁለተኛ አስገባሁ። እስከ ጥጉ፣ «ቀጭ» ብሎ ገባ። ያን ዳገት ሁሉ እንደያዘች ጨረሰችው።

አወዳይ ስንደርስ እግሬ ሳላዝዘው ፍሬኑን ነካ ነካ አደረገ።

«ምን ታዘግማለህ?» አሉ ሐጂ። «እለፍ አቦ! እዚህ ማን አለን?»

አለፍኩ።

ከዚህ ሁሉ ከኪሴ የጨመርኩት የእማማን ሳቅ ብቻ ነው... እማማስ አልሳቁም፣ መከዳቸውን እንዳቀፉ ሐረር እስክንገባ አላናገሩኝም።