ከኋላ የተነበበው ማንጋ

ልጅ ሆኜ የምወደው ማንጋ የሚባል የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ፊልም ተሠርቶለት፣ ፖስተሩ ኤመሪቪል ከተማ ባለው ሲኒማ ቤት በር ላይ ተለጥፏል።

ያኔ፣ አሜሪካ ኦክላንድ በነበረው ቤታችን፣ አባባ መጽሐፉን ከሶፋው ላይ አንስቶ ጣቱን እየላሰ ገለጠው። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ስለማያውቅ የጀመረው ከመጨረሻው ገጽ ነበር።

«ልጁ ሞቶ ተነሳ፤ ቁስሉም ዳነ። አሁን እናቱ ምሳ እየቋጠረችለት ነው» አለኝ ደስ ብሎት።

«አባባ፣ ባክዋርድ እኮ ነው የምታነበው፣ ከኋላ ወደ ፊት!»

እጁን ገጹ ላይ ጫነ። ተማሪ ሳሉ አብሮት የታሰረው ወንድሙ ከእስር ቤት አልተመለሰም።

«ተወው፣ በዚህ በኩል ይሻላል» አለኝ። «በዚህ በኩል ወንድሜም ቤቱ ይገባ ነበር።»

ዛሬ አባባም የለም። ቲኬት ገዝቼ ገባሁ። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ልጁ ምሳ ዕቃውን ይዞ ከቤት ሲወጣ፣ እኔም ተነስቼ ወጣሁ። ብወጣም ያው ነው፤ ልጁ ይሞታል።