አሥራ ሁለተኛዋ ማንኪያ

በንጉሡ ዘመን ዲላ ውስጥ ሐራጅ ማለት ሰርግ ማለት ነበር። እንዲያውም ከሰርግ ይሻላል፤ ጥሪ አያስፈልገውም። ቡና ያከሰረው ነጋዴ ዕቃው ሲሸጥ፣ የተዛወረ ሹም ጓዙን ሲበትን፣ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ግማሹ ከተማ ግቢው ውስጥ ይገኛል። የሚገዛው ጥቂት ነው። የቀረው የሰው ጓዳ ምን እንደሚመስል ለማየት የመጣ ነው። እኔ ከሁለቱም ወገን ነበርኩ። ያኔ ገና የተቀጠርኩ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረውም ከእናቴ ታላቅ እህት ጋር ነው። እቴቴ ነው የምላት።

እቴቴ አንድም ሐራጅ አምልጧት አያውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። አልጋውን አታይም። ግራሞፎኑን፣ መስተዋቱን፣ ሴቱ ሁሉ የሚሻማበትን መጋረጃ ዞር ብላ አታየውም። ቀጥታ ወደ ማንኪያው ነው። አንዱን ታነሳለች፣ ትገለብጣለች፣ ጀርባውን ትመረምራለች፣ ትመልሰዋለች። ሌላውን ታነሳለች። የመጨረሻውን አስቀምጣ ስታበቃ "በይ እንሂድ" ትለኛለች። ገዝታ ግን አታውቅም።

የምትፈልገው አንድ ማንኪያ ብቻ ነበር። እኔ ዲላ ሳልመጣ በፊት አንድ ግሪክ የቡና ነጋዴ ቤት ወጥ ቤት ሆና ትሠራ ነበር። የሰውየው ሚስት፣ ማዳም ነበር የሚሏት፣ ከአገሯ ያመጣቻቸው አሥራ ሁለት የብር ማንኪያዎች ነበሯት፤ በቀይ ከፋይ በተለበጠ ሳጥን ውስጥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መተኛ አላቸው፤ እጀታቸው ላይ የወይን ዘለላ ተቀርጿል። በፋሲካ ማግስት ቢቆጠሩ አሥራ አንድ ሆኑ። ማዳም አልጮኸችም፣ ፖሊስም አልጠራችም። የእቴቴን ደመወዝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ "ሂጂ" አለቻት፤ በቃ።

እቴቴን የሚያቃጥላት ይኸው ነበር። "ፖሊስ ጠርታ ብታስፈትሸኝ እኮ ነጻ እወጣ ነበር!" ትላለች፤ በየወሩ ትላለች። ፍተሻ የለ፣ ክስ የለ፣ የተረፈውን ከተማው ሞላው። ስምም ወጣላት፦ አሥራ ሁለተኛዋ። "አሥራ ሁለተኛዋ ገበያ ወጣች?" "አሥራ ሁለተኛዋን አየኋት።" እኔ ይህን ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ እሷ እንዳልሰማ ታልፋለች። ያ ማንኪያ አንድ ቀን ከአንዱ ቤት ዕቃ መሃል ብቅ እንደሚል ግን እርግጠኛ ነበረች። ከተገኘ ስሟ ይመለስላታል። ካልተገኘ ግን ያንን ቅጽል እንደተሸከመች ትሞታለች።

የዲላ ሰው ፊት ለፊት ሌባ አይልም፤ ይህን ልመስክርለት። ጎረቤታችን ለምሳሌ ደግ የገዴኦ ሴት ናት፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘምር ድምጿ ከእኛ ቤት ይሰማል። የቡላ ገንፎ ባገነፋች ቁጥር ሳትጠራን አትቀምስም። ታዲያ በልተን ስናበቃ እኔ ማንኪያውን ልሰብስብ ብል እሺ አትልም፤ ራሷ ትነሳለች። ስትሰበስብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረች ነው። የአሉሚኒየም ማንኪያ! ከሱቅ በረንዳ ላይ በደርዘን የሚሸጠውን! ደሜ ይፈላል። እቴቴ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ቆንጥጣ ትይዘኝና "ገንፎው ግሩም ነው፤ እጅሽ ይባረክ" ትላታለች።

እቴቴን ተከትዬ ስዞር የማንኪያ በሽታ ተጋባብኝ። መጀመሪያ እሷን ለማገዝ ነበር የምገለብጠው፤ ኋላ ለራሴ ሆነ። ዕውቀቱ ሁሉ ከእሷ ነው። እውነተኛ ብር የሆነ የፈረንጅ ማንኪያ ጀርባው ላይ ማኅተም አለው፤ ብዙ ጊዜ ስምንት መቶ የሚል ቁጥር። ማኅተሙ ካልታየሽ ትኩስ ሻይ ውስጥ ንከሪው፤ ብር ከሆነ እጀታው ወዲያው ጣትሽን ይለበልብሻል፣ ኒኬል ከሆነ ይዘገያል። ነጭ ጨርቅ ላይ ብትፈትጊው ጥቁር ይለቃል። እኔ ተማርኩ ባይዋ ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ በመጀመሪያው ሐራጅ በሚያብለጨልጭ ማንኪያ ልቤ ተሰልቦ ገዛሁ። ቤት ወስጄ በአመድ ሳሸው ከሥሩ ቢጫ ነሐስ ብቅ አለ። እቴቴ "ማንኪያሽ የወፍ በሽታ ያዘው" ብላ ሳምንት ሙሉ ሳቀችብኝ።

ቀስ በቀስ ግን ዓይኔ በራ። ከአንድ ዐረብ ነጋዴ ቤት የስኳር ማንኪያ አገኘሁ። ጣልያን ጥሎት የሄደ፣ አንድ ጥርሱ የተጣመመ ሹካ አገኘሁ። ለጆሮ መጥረጊያ የተሠራ መስሎኝ የገዛኋት አንዲት ሚጢጢ ነገር የጨው ማንኪያ ሆና ተገኘች። ሁሉንም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ "በእጅሽ እየበላሽ ማንኪያ ትሰበስቢያለሽ?" እያሉ ያሾፉብኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግን በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ እጄን ስሰድ የሚሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ በሌላ ነገር አላገኘሁትም።

ሐራጅ ባዩ እኛን ሁለታችንን በዓይኑ ይለየን ነበር። ቀጭን፣ ድምፁ ግን ሰባት ቤት የሚያልፍ ሰው ነው። አንድ ቀን የሹካና ማንኪያ ሳጥን ከፍ አድርጎ "የብር ማንኪያ!" ብሎ ቢጮህ፣ ቡናውን ሸጦ ከዱመርሶ የመጣ አንድ ገበሬ እጁን አወጣ።

"የብር ነው? ሁለት ስጠኝ!" ብሎ ሁለት ብር ዘረጋ።

"ዋጋው አይደለም የብር፣ ዘሩ ነው!" አለ ሐራጅ ባዩ ተቆጥቶ።

"አንተ የብር አልክ። እኔ ብር አመጣሁ" አለ ገበሬው፤ ሕዝቡም በሳቅ ደገፈው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው በየሐራጁ እየመጣ "ዛሬስ የብር ነው?" እያለ ይጠይቃል።

ከዚያ ግሪኩ ሞተ፤ ማዳም አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ገባች፤ የዲላው ቤትም ከነዕቃው በወኪል ሐራጅ ወጣ። እቴቴ ወሬውን ስትሰማ ስንዴ እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች። "እንግዲህ ወይ ዛሬ ወይ መቼም" አለችኝ።

በዚያ ቀን ወደ ማንኪያው አልሮጠችም። ከተባረረች ወዲህ የዚያን ግቢ በር ረግጣ አታውቅም። ደረጃው ላይ ቆማ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አስተካከለች፤ ከዚያ ገባች። ሳጥኑ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ባዶ መተኛ። እቴቴ ጣቷን ባዶው ላይ አሳለፈች። ለካስ ማዳም በኋላ አግኝታው፣ አፍራ ዝም ብላ መልሳው ይሆናል የሚል ተስፋ ነበራት። ፊቷ ሲጠወልግ አየሁት።

ሐራጅ ባዩ "የብር ማንኪያ! አሥራ አንድ!" ብሎ ሲጀምር ከኋላ አንዱ "አሥራ ሁለተኛዋ እዚሁ ናት!" አለ። ሰው ሳቀ። የሳቀው ሁሉ አይደለም፤ ግን ይበቃል። እኔ ዞሬ ማን እንደሆነ ልፈልግ ስል እቴቴ ክንዴን ያዘችኝ። ለማንኪያዎቹም እጄን እንዳላወጣ ከለከለችኝ፤ "እነሱን ቤቴ እንዳታስገቢ" አለች። ስለዚህ ደም ደም እያለኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸጎጥኩ፤ ከፍስሐ ገነት የመጣ አንድ ደንዳና የቡና ነጋዴ አሥራ አንዱን ወሰዳቸው። ቡፌውንም እሱ ገዛው፤ ማንኪያዎቹ ይቀመጡበት የነበረውን፣ መስተዋት ያለውን፣ አንድ ክፍል የሚያህለውን ቡፌ።

ሐራጁ አልቆ ሰው መበተን ሲጀምር አራት ተሸካሚዎች ቡፌውን ወደ በሩ አመጡት። አያልፍም። አጋደሙት፤ አያልፍም። "ዞር በል እናቴ!" አለ አንደኛው ለእቴቴ፤ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። መሳቢያዎቹ ይውጡ ተባለ። ሦስቱ ወጡ፣ አራተኛው አልወጣ አለ። ሲጎትቱት፣ ሲነቀንቁት፣ በመጨረሻ ቡፌውን ከነመሳቢያው ቢዘቀዝቁት አንድ ነገር ከጀርባው ቅጭል ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

እንደ ከሰል የጠቆረ ነገር ነው። "ሚስማር ነው" አለ ተሸካሚው። እቴቴ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ገለበጠችው። ጀርባውን አየች። ከዚያ እጀታውን በነጠላዋ ጫፍ ፈተገችው፣ ፈተገችው፣ ነጠላው ጠቆረ፤ የወይኑ ዘለላ ብቅ አለ። አልጮኸችም። እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች። የጮህኩት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ ብቻ ከግቢ የወጣው ሰው ሁሉ ተመለሰ።

ክርክር ተነሳ። የፍስሐ ገነቱ ነጋዴ "ቡፌውን ከነሆዱ ነው የገዛሁት፤ ያውም ጓደኞቹ እዚህ ብብቴ ሥር ናቸው" አለ። ወኪሉ "በሐራጅ ያልተሸጠ የባለቤቱ ነው" አለ። ሐራጅ ባዩ ደክሞታል፤ ወደ እቴቴ ዞሮ "ሐራጁ ተዘግቷል፤ ይውሰዱትና እንገላገል" አለ። ይሄኔ እቴቴ ተነሳች።

"ጥራው" አለችው።

"እትዬ፣ ምን ያደርግልዎታል? ለአንድ ማንኪያ—"

"ጥራው አልኩህ! የት እንደተገኘ ጨምረህ ጥራ። እኔ ያለ ሐራጅ ነው የተሸጥኩት፤ እሱ ግን ይጠራ።"

ሐራጅ ባዩ ወኪሉን አየ። ወኪሉ ትከሻውን ሰበቀ። ሐራጅ ባዩ የሚቆምበት የእንጨት ሳጥን ላይ ተመልሶ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። "የብር ማንኪያ! ከቡፌው መሳቢያ ኋላ የተገኘ! አሥራ ሁለተኛው!"

"አልሰማሁም" አለች እቴቴ።

"ከቡፌው! መሳቢያ! ኋላ! የተገኘ!"

"የመንገድ ሰውም ይስማ።"

ሳቀ ሐራጅ ባዩ፤ ግን ደግ ሳቅ ነበር። በሁለት እጁ አፉን ከቦ ወደ መንገዱ ዞረና እንደገና ጮኸው። ቡና የጫኑ በቅሎዎች ጆሯቸውን አቆሙ። ጎረቤታችን ግድግዳው ሥር ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

"ማን ይጀምራል?" አለ ሐራጅ ባዩ።

"አንድ ብር" አለች እቴቴ።

ሁሉም ዓይኑን ነጋዴው ላይ ጣለ። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ በአሥራ አንድ ማንኪያና በአሥራ ሁለት ማንኪያ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የአንድ ማንኪያ አይደለም፣ የሰማይና የምድር ነው። ሰውየውም ያውቃል። ሳጥኑን ከፈተ፤ ባዶዋን መተኛ አያት፤ ዘጋው። አንገቱን አከከ።

"ለእኔ አሥራ አንዱ ይበቃኛል" አለ። "የእኔ ቤት እንግዳ ከዚያ አይበልጥም።"

"አንድ ብር፣ አንድ ጊዜ! አንድ ብር፣ ሁለት ጊዜ!" ግቢ ሙሉ ሰው ቆሟል፤ ማንም እጁን አላወጣም፣ ማንም አላሳለም። "ሦስት ጊዜ!"

"የብር ነው ብዬ አልነበር!" አለ የዱመርሶው ገበሬ ከኋላ፤ እኔ እንባና ሳቅ ተደባለቀብኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እቴቴ "ማዳም እዚህ ሆና ብትሰማ ጥሩ ነበር" አለች አንዴ፤ ከዚያም "ይሁን" አለች። ማንኪያዋን በአመድ ልሽልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። ከወይኑ ዘለላ በቀር እንደጠቆረ አስቀመጠችው፤ ሻይዋን በሱ ታማስላለች፣ እጀታው ጣቷን ሲለበልባት "አንተ የተረገምክ" ትለዋለች። የብስኩት ቆርቆሮዬ ውስጥ እንዲገባ ግን አልፈቀደችም። ስሟም አልተለወጠም፤ አሥራ ሁለተኛዋ መባሏ ቀጠለ። ልዩነቱ አሁን ሲጠሯት "አቤት" ማለቷ ነው።

ሰነባብቶ ጎረቤታችን ለገንፎ ጠራችን። ቅቤው መሃሉ ላይ ቀልጦ፣ እንደወትሮው ግሩም ነበር። በልተን ስናበቃ እኔ ጉልበቴን ለመቆንጠጥ አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ተነሳች። ማንኪያዎቹን አየቻቸው፤ አልነካቻቸውም። "እትዬ፣ ሻይ ላምጣ" አለችና መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓዳ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ማንኪያዎቹ ሁሉ እንደተበተኑ እቴቴ ፊት ቀሩ።

ቆየች። በጣም ቆየች። ከጓዳ የማንቆርቆሪያ ድምፅ የለ፣ የብርጭቆ ድምፅ የለ።

"አየሻት? ሳትቆጥር ትታን ሄደች" አለችኝ እቴቴ በሹክሹክታ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

"አየኋት።"

በነጠላዋ ጫፍ፣ ያ ማንኪያ ባጠቆረው ጫፍ፣ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብላ ብብቷን እያሳየችኝ "አሁን አንዱን እዚህ ብወሽቅባትስ?" አለችና አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ጎረቤታችን ተመለሰች። ሻይ አልያዘችም ነበር።